ቅጥቅጧ የዘገየች ቀን

ሰማንያዎቹ ማለቂያ ላይ እኛ የሾላ ገበያ ነጋዴዎች ዱባይ የምንመላለስባትን አውሮፕላን «ቅጥቅጧ» እንላት ነበር። የኩባንያው ስም ሌላ ነው፤ ጠርቼው አፌን አላበላሽም። ርካሽ ናት፣ በቃ፣ ሌላ ሙያ የላትም። የወንበር ቁጥር የሚባል ነገር አታውቅም፤ በሩ ሲከፈት ተጋፍቶ የቀደመ መስኮት ይይዛል፣ የዘገየ ሽንት ቤቱ አጠገብ ይቀመጣል። ሻንጣ ሃያ ኪሎ ነው። ከሃያው አንዲት ካልሲ ብትተርፍ ሚዛኑ ጋ የቆመው ሰውዬ «አውጪ!» ይላል። ስለዚህ ትርፉን እንለብሰው ነበር። ሦስት ጉርድ፣ ሁለት ሹራብ ደራርቤ፣ በዚያ ሙቀት ላቤ በጀርባዬ እየወረደ የተሳፈርኩበትን ጊዜ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ቀጥነን ሄደን ወፍረን ነበር የምንመለሰው።

ሸሪኬ በሃያ ዓመት ትበልጠኛለች። እትዬ እላታለሁ፤ አንቱ ማለት ስጀምር ግን «አንቺ ካላልሽኝ ሽርክናችን ፈርሷል» ብላ ስላስፈራራችኝ አንቺ ማለት ለመድኩ። ሾላ ላይ አንድ ሱቅ በጋራ ይዘን የሴት ልብስ እንሸጥ ነበር። ተረበኛ ናት፣ ሳቂታ ናት፣ ደንበኛ ሳይገዛ እንኳን ስቆ ነው የሚወጣው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ለግላጋ። ከልጇ ቀጥሎ ያላት እድሯ ነው። ገርጂ፣ የሰፈሯ እድር የዕቃ ቤት ኃላፊ ነበረች። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ በእሷ እጅ ነው። ድንኳኑ አርጅቶ ማፍሰስ የጀመረ ጊዜ ግማሽ ጣሪያውን በአረንጓዴ ሸራ የጣፈችው እሷ ናት፤ ሳምንት ሙሉ በወስፌ ስትሰፋ ጣቷ ቆስሎ ነበር። እዚያ ሰፈር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሷ በር ነው።

ያን ጊዜ ስንሄድ ልጇ ቦሌ ድረስ ሸኘን። መግቢያው ላይ ፓስፖርቷን ለማውጣት ቦርሳዋን ስትበረብር የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እጇ ገባ።

«ውይ ጉዴ! ቁልፉን ይዤው መጣሁ! ሰው ቢሞትስ?»

ልጁ ሳቀባት። እጁን ሱሪ ኪሱ ከትቶ ትርፉን ቁልፍ አወጣና ፊቷ ላይ አንቀጫቀጨው። «እኔ አለሁ አይደል እንዴ እማ? እከፍትላቸዋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጃኬቴን እንዳታስረሻት፤ የቆዳ ነው ያልኩት፣ ጥቁር» አለኝ። ግንባሩን ሳመችው። ለመሳም ጎንበስ ማለት ነበረበት፤ ያን ያህል ረዝሞ ነበር።

ዱባይ በገባን በአምስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ እሷ ሸለብ አድርጓት እኔ ዕቃ ስቋጥር የሆቴሉ ሰው ከአዲስ አበባ ስልክ አለ ብሎ ጠራኝ። ታች ወርጄ አነሳሁት። የሸሪኬ ታላቅ ወንድም ናቸው። ድምፃቸው ሻክሯል።

«ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ምነው?»

«ልጁን መኪና ገጨው። ትናንት፣ መገናኛ ጋ። ዛሬ ሳሊተ ምሕረት ቀብረነው መመለሳችን ነው።»

እሳቸው ሳያቋርጡ ቀጠሉ፤ አንዴ ካቆሙ መቀጠል የሚችሉ አይመስሉም ነበር። «የእድሩን ዕቃ ቤት ሰብረን ነው ድንኳን ያወጣነው። አንዱ ቁልፍ እሷ ጋ ነው። አንዱ ደግሞ...» አልጨረሱትም። «በይ ስሚኝ፤ አደራሽን እንዳትነግሪያት። ሰው አገር፣ ዘመድ በሌለበት መርዶ አይነገርም። ደግሞ ልቧን ታውቂዋለሽ፣ አውሮፕላን ውስጥ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይደርስላታል? ከነገ ወዲያ ማታ አንድ ሰዓት ነው አይደል የምትገቡት? ወደ ገርጂ አታምጫት። አንቺ ቤት፣ ሾላ ትደር። ሲነጋ ሽማግሌ ይዘን መጥተን እኛው እንነግራታለን። ድንኳኑም እሷ ሳትደርስ አይነሳም።»

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ቲኬታችን ቀኑ አይቀየርም፤ ርካሽ ነዋ። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ እየቆምኩ ወጣሁ። ፊቴን ቧንቧ ላይ ታጥቤ ስገባ ነቅታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ማነው የደወለው?»

«ወንድሜ ነው፤ የሱቁን ቁልፍ የት አደረግሽው ሊለኝ ነው» አልኳት። ውሸት ስፈልግ አፌ ላይ የመጣው ቁልፍ ነው፤ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ያለኝ!

ማግስቱን ጃኬት ፍለጋ ይዛኝ ወጣች። አሞኛል ብዬ ነበር። «አንቺ ስትገበያይ እንጂ ስትተኚ አያምርብሽም፣ ተነሽ!» አለች። አራት ሱቅ ዞርን። አምስተኛው ላይ ተገኘ፤ ጥቁር ቆዳ፣ ውስጡ ቀይ ገበር ያለው። ባለሱቁ ሁለት ልክ አመጣ፣ መካከለኛና ትልቅ። ሁለቱን በሁለት እጇ ሰቅላ ግራ ተጋባች። ደጋግማ ታያቸዋለች። ደጋግማ ትጠይቀኛለች። «በማርያም ተናገሪ እንጂ! የቱ ነው የሚሆነው?» እያለች ትነዘንዘኛለች። እኔ ያን ጊዜ ዓይኔ እንዳያጋልጠኝ ወለሉን ነው የማየው። ከዚያ ሱቅ ቶሎ መውጣት እንጂ ሌላ ነገር አልፈለግኩም።

«ትልቁን ውሰጂ» አልኩ። «ገና ያድጋል።»

ወሰደችው።

በመሄጃችን ቀን ሚዛኑ ላይ የሷ ሻንጣ ሁለት ኪሎ ተረፈ። ሰውዬው «አውጪ» አላት። ጃኬቱን ታወጣለች ብዬ ስጠብቅ ለሱቃችን የገዛነውን ቀሚስ እየመዘዘች ታወጣ ጀመር። ያንን ቀሚስ ስንት ተከራክረን የገዛነው ነው። በኋላ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ጃኬቱን ላጥ አድርጋ አወጣችና ለበሰችው። እጅጌው ጣቶቿን ዋጣቸው። ቀሚሶቹን መልሳ ከተተች፣ ሚዛኑም ልክ መጣ። ሰልፉ ላይ ያሉት ነጋዴዎች አጨበጨቡላት፤ እሷም እንደ ጎረምሳ ደረቷን ነፍታ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እግዜር ይይልኝ፣ ሳቅሁ።

ከዚያ ሰልፍ ውስጥ አንዲት የሾላ ቅመም ነጋዴ አየሁ። አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሰምታለች ማለት ነው። ሆቴሉ ውስጥ ስልክ የሚደወልለት እኔ ብቻ አይደለሁማ! በሩ ተከፍቶ ግፊያው ሲጀመር ሸሪኬን በክንዴ አቅፌ፣ በክርኔ ሰው እየጠቀጠቅኩ ሮጥኩ። መስኮት ጋ ከተትኳትና ከጎኗ ተቀመጥኩ። ለቅመም ነጋዴዋ መራቅ አልዋጥላት አለ። መተላለፊያው ላይ ወደ እኛ ጎንበስ ብላ «እህቴ፣ እንዴት ነሽ? እግዚአብሔር...» ስትል እግሯን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኳት። ጮኸች።

«ምን ሆና ነው?» አለችኝ ሸሪኬ።

«እግሯን ረግጫት ነው፤ ይቅርታ እህቴ» አልኩ፣ ዓይኗን ትክ ብዬ እያየሁ። ገባት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ሄደች።

ቅጥቅጧ መሀል ላይ አንድ የባሕር ዳር አገር ለአንድ ሰዓት ታርፋለች። ያን ቀን አርፋ ቀረች። መጀመሪያ ነዳጅ አሉን፣ ቀጥለው ሞተር አሉን፣ በመጨረሻ ምንም ማለት ተዉ። መብራቱ የሚንጣጣበት አዳራሽ ውስጥ አጎሩን። ማታ አንድ ሰዓት፣ ቦሌ መሆን በነበረብን ሰዓት፣ እኛ የሰው አገር ሲሚንቶ ላይ ካርቶን አንጥፈን ነበር። ደሜ ፈላ። አንዱን ባለ ዩኒፎርም ደረቱን ይዤ «ስልክ! ስልክ!» አልኩት፤ ስልክ ቤቱ ተዘግቷል፣ ነገ ነው አለኝ። ሌላው መንገደኛ የሚናደደው በመዘግየቱ ነው። እኔ የማስበው ሌላ ነው፤ በጨለማ መግባታችን ቀርቶ በጠራራ ፀሐይ ልንገባ ነው። ቅጥቅጧ ደግሞ ቦሌ ልታርፍ ስትል በገርጂ ጣሪያ ላይ ነው የምታልፈው።

ሸሪኬ ያን ሌሊት እንኳን አፏን አልዘጋችም። «ልጄ ቦሌ ቆሞ ሲጠብቅ ሊያድር ነው፤ እኔን አይደለም፣ ጃኬቱን ነው» እያለች አጠገቧ ያለውን ሁሉ ታስቃለች። የተኛሁ መስዬ ነጠላዬን ነክሼ አለቀስኩ። ሦስት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቻለሁ። ሦስት ጊዜ ወንድሟ ያሉኝ ትዝ አለኝ። ልቧ ቀጥ ቢልስ? ዘመድ በሌለበት፣ የማንም ባዳ ከቦ እያያት?

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተሳፈሩ ተባልን። በዚህኛው ግፊያ መስኮቱን እኔ ያዝኩ።

«ምነው? መስኮት የኔ ነው!» አለች።

«ያቅለሸልሸኛል፣ አየር ያስፈልገኛል።»

«የአውሮፕላን መስኮት ይከፈታል እንዴ? ጉድ እኮ ነሽ!»

ሳቀችና ተወችኝ። የመስኮቱን መሸፈኛ ላወርደው ብል የለም፤ ተገንጥሎ ክፈፉ ብቻ ቀርቷል። ከቅጥቅጧ ምን ይጠበቃል? ጭንቅላቴን መስታወቱ ላይ አስደግፌ፣ በነጠላዬ ተጀቡኜ እንቅልፍ የወሰደኝ መሰልኩ። አብራሪው ወደ አዲስ አበባ እየተቃረብን ነው ሲል ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ሳብኩት። አውሮፕላኑ ጎኑን ዘንበል አድርጎ ዞረ። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲያበራ በጨፈንኩት ዓይኔ ሳይቀር ይታየኛል።

«ተነሽ፣ ገርጂ ደርሰናል! ቤቴን ልይ!» ትከሻዬን ነቀነቀችው።

«እባክሽ ተይኝ፣ ራሴን አሞኛል።»

«ራስሽን ነው እንጂ መስኮቱን አላመመው! ጎንበስ በይ!» ሁልጊዜ ቤቷን ከላይ ማየት ትወዳለች፤ ልጇ በር ላይ ቆሞ እጁን የሚያውለበልብላት ይመስላታል። ጭኔ ላይ ተንጠራርታ፣ በዚያ ሰፊ ጃኬት እየተጫነችኝ፣ አንገቷን በእኔና በመስታወቱ መሀል አሾለከች። ገፋኋት። ገፋችኝ። ከዚያ መግፋቷን ተወች።

እኔም አየሁት። ከቤቷ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ግማሹ ጣሪያ አረንጓዴ።

«የኛ ድንኳን ነው» አለች ቀስ ብላ።

ከፊት ያለውን ወንበር ጨምድጄ ይዣለሁ።

«በስመ አብ! ሽማግሌው ናቸው! ጎረቤቴ! ስሄድ ታመው ነበር እኮ፣ ደህና ሰንብቱ ስላቸው እጄን ይዘው አልለቅ ብለውኝ ነበር። ውይ! ሳልቀብራቸው!» እንባዋ ወረደ። በጃኬቱ እጅጌ ጠረገችው፣ ወዲያው ደግሞ ቆዳው እንዳይበላሽ ደንግጣ በነጠላዋ ወለወለችው። ትንሽ ተንሰቅስቃ ወንበሯ ላይ ተመለሰች። ቦርሳዋን ከፍታ ቁልፉን አወጣችና መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው።

«ደግነቱ ልጄ ነበር» አለች። «ልጄ ነው የከፈተላቸው። እናቴ የለችም ሳይል፣ ልጅ ነኝ ሳይል። አየሽ? አድጎልኛል እኮ!»

ጎማው መሬቱን ሲመታ ተሳፋሪው አጨበጨበ።

ቦሌ ሻንጣ እስኪመጣ እንኳን አልጠበቀችም። «አንቺ ተረከቢ፣ እኔ ቀጥታ ለቅሶ ቤት ነኝ፤ ዕቃ ቤት ኃላፊዋ ሁሉም ካለቀ በኋላ መጣች ሊሉኝ ነው?» አለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። እኔም ሻንጣውን ጥዬ ተከተልኳት። ውጭ ወንድሟ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። ከትናንት ማታ ጀምረው አልሄዱም። ጢማቸው አድጓል። ወንድሟ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሲያዩ ደነገጡና እኔን አዩኝ።

«አወቅኩ፣ አትደብቁኝ» አለች እሷ። «ድንኳኑን ከላይ አይቼዋለሁ።»

ሰውዬው እጃቸውን ዘርግተው «እህቴን! አይዞሽ እህቴን!» ብለው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ፤ ትልቅ ሰውነታቸው በሳግ ተንቀጠቀጠ። እሷ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገች።

«ምን ሆነሃል? ዕድሜ ጠግበው የሞቱ ሰው አይደሉም እንዴ?»

ወንድሟ ቀና አሉ። እኔን አዩኝ። እኔ አንገቴን ነቀነቅኩ፤ አላወቀችም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቶሎ ብለው፣ «አዎ፣ አዎ፣ ዕድሜ ጠግበው ነው። አሁን ደክሞሻል፣ ሾላ እሷ ቤት ሄደሽ ትንሽ አረፍ...» ማለት ጀመሩ።

«ድንኳን ተተክሎ እኔ ልተኛ? እንዴት ያለ ነገር ነው!» ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ላዳ አስቆመች። በሩን ከፈተች። «ልጄስ? እዚያው ሰው እያስተናገደ ነው?»

ሦስት ትልልቅ ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። ላዳው ውስጥ ገባች፤ እኔም ከጎኗ ዘልዬ ገባሁ። «ገርጂ» አለችው ለሹፌሩ። እዚያ ስትደርስ ምን እንደሚሆን ወለል ብሎ ታየኝ። ለጎረቤቷ ሽማግሌ ልታለቅስ ትገባለች፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ለእሷ እየጮኸ ይነሳባታል። ያንን ማየት አልችልም። መርዶ የመንገር መብት የለኝም፣ ዘመድ አይደለሁም፣ ሽማግሌ አይደለሁም፣ ሰዓቱም ንጋት አይደለም። ግን ሌላ ማን ቀረ? ወንድሟ የላዳውን በር ይዘው ቆመው ያለቅሳሉ።

ቁልፉን የያዘውን እጇን ያዝኩት።

«እትዬ» አልኳት፣ «ልጅሽ አልከፈተላቸውም። በሩን ሰብረው ነው የገቡት።»

አየችኝ። ሳቅ ሊያመልጣት የደረሰ ዓይነት ፊት ነበራት፤ ቀልዱ ግን አልገባትም። «ለምን ይሰብራሉ? ትርፉ ቁልፍ እሱ ጋ...» አለች። ከዚያ ቆመች። ወንድሟን አየች፣ ጢማቸውን አየች። የተዘቀዘቀ ነጠላዋን አየች።

አልጮኸችም፣ መጀመሪያ። «ስንት ቀኑ?» አለችኝ።

«አራት።»

በጣቷ ቆጠረች። ዛሬን፣ ትናንትን ሲሚንቶ ላይ ያደርንበትን፣ ከትናንት ወዲያን። ከትናንት ወዲያ ላይ ጣቷ ቆመ። ጃኬቱን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ጨምድዳ ያዘችው፤ ያኔ ነው የጮኸችው። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

ዘመዶቿ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይሉኝም፤ መንገድ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ መርዶ የተናገረች ባለጌ ነኝ። ይበሉ። እሷ ከአርባው በኋላ ሱቅ ተመለሰች። ጥቁር ለብሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ደንበኛ መጣ፣ ሄደ፤ አላነጋገረችኝም። ቀኑን ሙሉ ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ላዳ ውስጥ ስለነገርኳት ነው የተቀየመችኝ ብዬ ነበር። ማታ ሱቁን ስንዘጋ ይቅር በይኝ አልኳት፤ እንደዚያ መንገር አልነበረብኝም አልኳት።

«የነገርሽኝስ ደግ አደረግሽ» አለች፣ መቆለፊያውን እየቆለፈች። ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። «‹ትልቁን ውሰጂ፣ ገና ያድጋል› ስትዪኝ ግን ታውቂ ነበር።»